የቀይ መስመር ደንብ

መትረየስ ይሏት ነበር። የጽሕፈት መኪናዋ ሲንጣጣ ከኮሪደሩ ማዶ ስለሚሰማ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን ከሬዲዮ ጋር ስትከራከር ነበር የምትውለው። ስለዚህ የወንድሟ ልጅ የጽሑፍና የኮፒ ሱቅ ከፍታ ነይና አግዥኝ ስትላት፣ ለወጉ ያህል ትንሽ ተግደረደረችና በማግስቱ ከባለሱቋ ቀድማ በር ላይ ተገኘች።

የመጀመሪያ ሥራዋ አንድ የከብት ሐኪም ስለ አህያ ጥርስ የጻፈው መጽሐፍ ነበር። ሐኪሙ አንደኛውን ምዕራፍ ለምሳ ሲወጣ ሊወስድ ቀጠሮ ይዟል። ኮምፒውተሩ ብዙም አላስቸገራት፤ ያስቸገራት ሌላ ነው። ገና አንድ መስመር እንደጻፈች ከሥሩ ቀይ መስመር ተሰመረበት።

በድሮ መሥሪያ ቤቷ አለቃው በቀይ ያሰመረበት ገጽ ተቀዶ ከሀ ይጀመራል። ሰበብ ብሎ ነገር የለም። መትረየስም እንደ ደንቡ ሁሉንም አጥፍታ ከሀ ጀመረች። አሁንም ቀይ። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ሞከረች። አሁንም ያው። አህያዪቱ ሁለተኛ ጥርሷን ሳታበቅል ረፋዱ አለፈ።

ከዚያ ፈራች። ዕድሜዋን ሙሉ በጣቶቿ የኮራች ሴት፣ ለካ ሳላውቀው አርጅቻለሁ አለች በሆዷ። ሆድ ባሳት። ለኮፒ ማሽኑ ወረቀት ወደምትሞላው የወንድሟ ልጅ ዞረች።

«ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ በቅቶኛል።»

ልጅቷ ደንግጣ መጥታ ስታይ ገጹ ባዶ ነው። መትረየስ እያፈረች ስለ ቀዩ ነገር ነገረቻት፤ እንድታየውም አንድ መስመር ጻፈችላት። ልጅቷ አንብባ ሳቋን ዋጥ አደረገች። አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ ስታደርግ ቀዩ ድራሹ ጠፋ፤ ጽሑፉ ግን እዚያው ነበር።

«አራሚ የሚሉት ነው፣ አክስቴ። ቋንቋችንን አያውቅም፤ የማያውቀውን ሁሉ ስህተት ነው ይላል። አጠፋሁልሽ።»

መትረየስ መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ ቀለላት፤ ከዚያ ሳቋ መጣ።

«እንዲህ በቀላሉ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያን አለቃዬን የቱ ጋ ነበር መንካት የነበረብኝ?»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ መትረየስ ወንበሯን ሳበችና ጣቶቿን ለቀቀቻቸው። ከመንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምን ተበላሸ ብሎ ብቅ አለ።

ሐኪሙ ሲመጣ ምዕራፉ ገና ነበር። ልጅቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል አክስቷ ቀደመቻት፤ ምሳዎን በልተው ይመለሱ፣ ያልቃል አለችው። እሱም ፍጥነቷን ቆሞ አየና ጥርጣሬ ገባው።

«ይሄን ሁሉ ማነው የሚያርመው ታዲያ?»

መትረየስ ዓይኗን ከገጹ አላነሳችም።

«እኔ።»