ቃጭሉ እስኪሰማ

ኩሳዳኒ መንደር ውስጥ የቀሩት ሰዎች ኪሳቡሮና ሚስቱ ሚትሱኤ ብቻ ነበሩ። የሌላው ቤት በር ተዘግቶ ጣሪያው ላይ ሣር በቅሎበታል።

ሚትሱኤ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሁለተኛ መኸሯ ነው። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመኸር በዓል የመንደሩ አምላክ ሰዎች በትከሻ በሚሸከሙት የእንጨት መንበሩ ሆኖ መንደሩን ሲዞር፣ የመንበሩን ቃጭሎች በመስኮቷ በኩል አንዴ ብቻ መስማት። ኪሳቡሮን መጀመሪያ ያየችው በወጣትነቷ፣ በዚሁ በዓል ከተሸካሚዎቹ መካከል ነበር። እርምጃው ከማንም ጋር አልገጥም ብሎ ጓደኞቹን ሲያሳስቃቸው።

ዛሬ ግን ትከሻ ያለው ሰው ከየት ይምጣ? ኪሳቡሮ ከሸለቆው መጦሪያ ቤት ሮቦቶች ተውሶ መጣ። መሪያቸው ጎሮ ነው፤ ቤታቸው እየመጣ ሚትሱኤን ሲያነሳና ሲያስተኛ የኖረው።

ጠዋት መንበሩን ይዘው ወጡ። እስከ አፉ የሞላ የውሃ ሳህን የተሸከሙ ይመስል መሬቱን የረገጡ ሳይመስሉ ሄዱ። አንድም ቃጭል አልጮኸም። ኪሳቡሮ አምላኩ ደስ የሚለው ሲናጥ እንደሆነ፣ አባቶቻቸውም ሆን ብለው ይነቀንቁት እንደነበር ደጋግሞ አስረዳ። የሰማው የለም።

«አባባ፣ እኛ የተሸከምነውን አንነቀንቅም» አለ ጎሮ። «እማማ ሚትሱኤን ስናነሳ ነቅንቀናቸው እናውቃለን?»

«እሷ ሌላ፣ አምላክ ሌላ።»

«ሁለቱም አርጅተዋል፣ አባባ።»

ኪሳቡሮ ሳቁ መጣበት፤ ወዲያው ግን ደነገጠ። ቤታቸው ደርሰዋል፣ መስኮቱም ተከፍቷል። መንበሩ እንዲህ ጭጭ ብሎ ካለፈ፣ ለከርሞ ማን ያውቃል?

ምርኩዙን አጥሩ ላይ አስደግፎ ከጎሮ ፊት ገባና ትከሻውን ከመሸከሚያው እንጨት ሥር አስገባ። ጎሮ ተው አላለውም። ከአረጋዊ ጋር ሲሄዱ በአረጋዊው እርምጃ መሄድ ሮቦቶቹ መጀመሪያ የተማሩት ነገር ነው። ስለዚህ በኪሳቡሮ ቁመት ልክ ዝቅ አለ፤ ሌሎቹም ዝቅ አሉ። ከዚያ ኪሳቡሮ በታመመው ጉልበቱ አነከሰ።

ሁሉም አነከሱ።

መንበሩ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዘመመ። ቃጭሎቹ መጀመሪያ እንደ ማንሾካሾክ አሉ፤ ቀጥለው በአንድነት ጮኹ። ከጣሪያዎቹ ላይ ወፎች ተነሡ።

በመስኮቱ አንዲት ቀጭን እጅ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚትሱኤ፣ ድምፅዋ ከቃጭሉ በታች እየተሰማ፣ «ዛሬም እርምጃህ አልገጠመም?»

«ገጥሟል እንጂ» አለ ኪሳቡሮ ቁና ቁና እየተነፈሰ። «ዛሬ የተሳሳቱት ሁሉም ናቸው።»

ጎሮ ጎንበስ ብሎ መንበሩን ያሳርፉት እንደሆነ በቀስታ ጠየቀው። ኪሳቡሮ ወደ መስኮቱ አየ። እጇ ገና አልገባችም።

«መልሱት» አለ። «እንደገና በዚሁ እናልፋለን።»