አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት

ፋርማሲስቷ ስትደውልልኝ ተማሪዎቼን እያስፈተንኩ ነበር። መድኃኒት ቤቷ ከአባቴ ልብስ ስፌት ፊት ለፊት ነው። አባቴ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ጨርሶ ሦስተኛውን መክፈቱን፣ ምን ሆኑ ብላ ስትጠይቀው ደግሞ በእጁ ዞር በይልኝ እንዳላት ነገረችኝ። “ፊታቸው ልክ አይደለም፤ ቶሎ ና” ብላ ዘጋችው።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። አባቴ ስኳር ከተገኘበት ስምንት ዓመቱ ነው። ከመፍራቱ የተነሳ የበሽታውን ስም አይጠራም፤ “ያ ነገር” ነው የሚለው። ልብስ ስፌቱ ያለበት ሕንፃ ዘበኛ በዚሁ በሽታ እግሩን ከተቆረጠ ወዲህ ደግሞ ፔዳል የሚረግጥበትን ቀኝ እግሩን በታጠበ ቁጥር ጣቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። እናቴ “ሌባ የሰረቀህ መሰለህ እንዴ?” እያለች ትስቅበታለች። እሱ አይስቅም።

ስደርስ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ጠርሙሱን ከእጁ አልለቀቀም። ጠዋት ከክሊኒክ ያመጣውን ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

“አሥራ አንድ” አለ። “አምና በአርባ አምስት ነው የወደቅኩት። በአሥራ አንድ ሰው ቁጭ ይላል?”

አምና መድኃኒቱን ውጦ ምሳ ሳይበላ ውሎ፣ ስኳሩ ወርዶ መኪናው ላይ ተደፍቶ ነበር። ለክታ አርባ አምስት ያገኘችው፣ ስኳር በጥብጣ የመለሰችውም ፋርማሲስቷ ናት። ኮሌጅ ጨርሻለሁ የምለው እኔም ወረቀቱ ላይ 11.2 የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ። ጠርሙሱን ልቀማው ወይስ ሌላ ልግዛለት? የማደርገው ጠፋኝ።

ፋርማሲስቷ መለኪያዋን ይዛ ገባች። እሺታውን ሳትጠብቅ ጣቱን ወጋችው። ሦስታችንም መለኪያው ላይ አጎነበስን።

ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት።

አባቴ መለኪያውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። የትኛው እንደሚዋሽ ጠየቃት።

“ጋሼ፣ ሁለቱም አልዋሹም” አለችው ወረቀቱን አንብባ። “ላብዎ የድንጋጤ ነው። ይሄ የሦስት ወሩ ምርመራ ነው።”

ቀስ ብላ አስረዳችው። ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉም ሦስት ወር ያህል ይኖራል። ስለዚህ ይህ ምርመራ የዛሬን ጠዋት ሳይሆን የከረመውን ነው የሚያሳየው፤ ቁጥሩም ከመቶ የሚሰላ ነው። ብዙ ሰው ከሰባት በታች እንዲሆን ይመከራል። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳልገባው ግን ከዓይኑ ያስታውቃል።

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ሳብኩና በኢንች የተጻፈውን ገጽ አሳየሁት። “አባዬ፣ ወገቡ ሠላሳ ሁለት የሆነ ሰው መጣ እንበል።” ሜትሩን ወደ ሳንቲሜትሩ ገጽ ገለበጥኩት። “በዚህኛው ሠላሳ ሁለት ብትቆርጥለትስ?”

“ለአሻንጉሊት ይሆናላ” አለ። ሳቁ ግን ሳይወጣ ፊቱ ላይ ቀረ። “ታዲያ ይሄ አሥራ አንድ…”

“ብዙ ነው፣ ጋሼ። በለመዱት ልኬት በአማካይ ሁለት መቶ ሰባ አምስት አካባቢ ነው።”

“ሦስት ወር ሙሉ?”

ከቀጠሮው በፊት ሦስት ቀን ጎመንና ውሃ ብቻ እንደሚቀምስ፣ ሰፈሩን በእግሩ እንደሚዞር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ልብስ እንደሚተኮስ ደሙን ለቀጠሮ ተኩሶት ይሄዳል፤ መቶ ሃያ ይዞ ይመለሳል፤ እኛም ጎበዝ እንለዋለን። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት፣ ደንበኞች የሚጋብዙትን አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ጠይቀነው አናውቅም። የዕለቱን ብቻ የሚያየው የድሮው ምርመራም አልጠየቀውም።

“ሁሉንም አይቶታል ማለት ነው” አለ በቀስታ።

ስኳር ሲከርም ነርቭ ይጎዳልና፣ ፋርማሲስቷ እግሩን ይደነዝዘው እንደሆነ ጠየቀችው። ገና ሳትጨርስ የለም አላት። ወዲያው ግን ወደ ፔዳሉ አየ። ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን አወለቀ።

ካልሲው ተረከዙ ላይ ጠቁሯል፤ ደሙ ደርቋል። መሐሉ ላይ የስፒል ሰማያዊ ጭንቅላት ጉጥ ብሏል፣ ጨርቅ የሚያያይዝበት ስፒል። ጫማው ውስጥ ወድቆ ካልሲውን አልፎ ገብቷል፤ አባቴ ሳይሰማው ሲረግጠው ነው የዋለው።

“መቼ ገባ?” አልኩት።

ሊነቅለው እጁን ሰደደ። ፋርማሲስቷ እጁን ያዘችውና እዚህ አይነቀልም፣ አሁኑኑ ክሊኒክ እንሂድ አለች። እኔ ታክሲ ለማቆም ወጣሁ። ከበሩ ዞር ስል ካልሲውን ከፊት በኩል በመቀስ እየቀደደ አየሁት። ከዚያ የእግሩን ጣቶች በሌባ ጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። አምስት ናቸው። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።