አሮጌው ወንዝ

በካርታ ቢሮው ውስጥ ሁሉም «እርሳስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ አናጺ ስለሆነ ወፍራም እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ይሰካል፤ እሷ ደግሞ ቀጭኗን። ከልጅነታቸው ጀምሮ ባልና ሚስት እንኳን እንደነሱ አይስማሙም ይባልላቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮ ካርታ እንድታድስ ተሰጣት። ከተዳፋቱ ግርጌ፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ «አሮጌው ወንዝ» የሚል ጽሑፍ አገኘች። ወንዙ ያለው ግን ከሜዳው ማዶ ነው፤ ሜዳው ላይ እንኳን ወንዝ እርጥብ ሣርም የለም። የቀድሞው ነዳፊ እንቅልፍ ጥሎት ነው ብላ ሳቀችበትና በላጲስ አጠፋችው፤ ስሙንም ወስዳ ወንዙ ላይ ጻፈችው። ዝርክርክ ሰው ብትሆን ኖሮ እንዳለ ትተወው ነበር። እንዲህ ያለው ስህተት የሥርዓት ወዳዶች ነው።

ዘንድሮ ወንድሟ ከኪራይ ቤት ወጥቶ የራሱን ቤት ለመሥራት ቆረጠ። ካርታዋን ዘርግቶ አየና ከተዳፋቱ ይልቅ ሜዳውን መረጠ፤ ደልዳላ ነው፣ ለመቆፈርም ገር ነው። ክፍሎቹን በገመድ ሲለካ አራተኛዋን እያሳየ፣ ይቺ ያንቺ ናት፣ መስኮቷን ሰፋ አደርገዋለሁ አላት። ደስታዋ ለሳምንት አልበረደም።

መሠረቱን የሚቆፍሩት አጎታቸው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሽማግሌ። ልትጠይቃቸው በሄደችበት ቀን ከጉድጓዱ አንድ ድንጋይ አውጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ድንጋዩ እንደ እንቁላል ለስላሳ ነበር።

«ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል» አሉ። «ይሄንን ድንጋይ እንዲህ ያለሰለሰውስ ማን ይመስልሻል?»

ወንዝ ሲጠማዘዝ አንዱን ዳር እየበላ ሌላው ላይ አፈር እንደሚጥል፣ አንድ ክረምት ሲሞላ ደግሞ ጥምዝምዙን ትቶ በአቋራጭ እንደሚሄድ ነገሯት። የተተወው መንገድ በደለል ይሞላና ሜዳ ይመስላል። በበጋ ማንም አይጠረጥረውም፤ ውሃው ግን በክረምት የድሮ ቤቱን አይረሳም። እርሳስ ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ድንጋዩ እጇ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ግን አላሰበችውም።

ወንድሟ ሰምቶ ሳቀ። ድንጋዩን ማንም ሊጥለው ይችላል፣ ነገ መሠረቱ በድንጋይ ይሞላል አለ።

«ካርታው ላይ የለም፤ የእርሳስ ካርታ ደግሞ አይሳሳትም።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ቤቱ በጎርፍ ከሚሄድ ግን እሱ ቢቀየማት ይሻላል ብላ ቆረጠች።

«ነበረ» አለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ገመዱን ጠቀለለ።

«ካርታውን ያመንኩት'ኮ አንቺ ስለሠራሽው ነው» አላት።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «እህቴ» እያለ በጨዋነት ይጠራት ጀመር። ጨዋነት እንዲህ እንደሚያቆስል አታውቅም ነበር።

ተዳፋቱን እየደለደለ፣ በድንጋይ እየደገፈ ቤቱን እላይ ሠራ። ሥራው በእጥፍ በረዘመበት ጊዜ አንድም ቀን አላማረረባትም፤ ነይና እዪው ብሎም አልጠራት። አጎታቸው ሜዳው ላይ ሽንኩርት ተከሉ፤ ደለል ለሽንኩርት እናት ነው ይላሉ። እርሳስ በበኩሏ አለቃዋ ፊት ቀርባ ስህተቱ የራሷ መሆኑን ተናገረች፣ ስሙንም ወደ ሜዳው መለሰች።

ክረምቱ ሲከፋ ሳትጠራ ሄደች። በሩን አላንኳኳችም፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልላ ቁልቁል አየች። የአጎቷ ሽንኩርት እኩሌታው ተውጧል። ውሃው ሳይደፈን የቀረውን መሠረት እየሞላ አራቱን ክፍሎች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የእሷ ክፍል ከሁሉም ቀድማ ሞልታለች።

በሩ ተከፈተ። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ውሃውን ተመለከተ።

«ስሙን መለስሽው?»

«መለስኩት። ማን አጠፋው ሲሉኝም እኔ አልኳቸው።»

ከጆሮዋ ጀርባ ያለችውን እርሳስ አየት አደረገ። ዝናቡ አርሷታል።

«እንግዲያ ግቢ እንጂ፣ እርሳስ» አለ። «የክፍልሽ መስኮት ክፍት ነው፤ ሄደሽ ዝጊው።»