ምርቃቱ ላይ የሚጠፋው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ለሦስተኛ ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ደረሰና ድርግም አለ። የሠርጉ ቪዲዮ ላይ ቄስ ወልደ ገብርኤል ልጃቸውን ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። ንግሥቴ የላፕቶፑን ሆድ በመዳፏ ነካችውና ፈጅቷት እጇን ሰበሰበች።

«ይኼ ሰው ሲነካካው ያደረ ዕቃ ነው» አለች።

ፍኖተ ሰላም ላይ ባሏ ትቶላት የሞተውን ፎቶ ቤት ስትመራ ስምንት ዓመቷ ነው። የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቁጥር ግን አይጠፋትም፣ ሰውም አይጠፋትም። እሷ እንደዚያ ነው የምትለው። ላፕቶፑ ከአዲስ አበባ የመጣላት ነው፤ ለጌም የተሠራ፣ ወፍራም፣ ቁልፎቹ ሥር ቀይ መብራት የሚበራ። የሠርግ ቪዲዮ የሚችለው እንዲህ ያለው ነው ብለዋት ነበር። እውነትም ሁለት ዓመት ቻለ። በሁለት ሺህ ስምንት ግን፣ በጭንቋ ቀን፣ ከዳት።

የቄሱ ልጅ ሠርክአዲስ ጥር ላይ ተዳረች። አባቷ በሠርጉ በሳምንቱ አረፉ። የፊታችን እሑድ ፈረስ ቤት አርባቸው ይወጣል፤ ለቤተ ዘመዱ ከዚህ ሠርግ በቀር ድምፃቸው ያለበት ሌላ ቪዲዮ የለም። «ሲመርቁኝ ድምፃቸውን ልስማ፣ ሌላ አልፈልግም» ብላ ሠርክአዲስ ለምናለች። ንግሥቴም «እሑድ ይደርሳል፣ በማርያም!» ብላ አፏን ሞልታ ቃል ገብታለች። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሰፈሩ «ሰውዬው አልታይ ብለው ነው» ማለት ጀምሯል። ንግሥቴ ይኼን አልተቀበለችም። ካሜራ ባዩ ቁጥር ጥምጥማቸውን የሚያስተካክሉ ሰው፣ ሞተው አልታይም ሊሉ? የለም። ይኼ የሞተ ሰው ሥራ አይደለም፤ የቆመ ሰው ሥራ ነው።

የቆመውም ሰው ገነነ ነው። የእህቷ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ቪዲዮውን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው እሱ ነው። የንግሥቴ አባት በቅሎ በነበራቸው ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን ዳሰስ ያደርጉ ነበር፤ ላብ ካገኙ ሰው ሰርቆ ጋልቧታል ማለት ነው። ንግሥቴም ላፕቶፑን እንደዚያ ትዳስሰዋለች። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስትገባ ሞቋል። ማክሰኞም ሞቋል። ዛሬም።

«ገነነ፣ ኳስ ስትጫወትበት ነው ያደርከው።»

«ኧረ አክስቴ፣ በእግዜር! ከንጋት ጀምሬ ሠርጉን ላወጣ ስታገል ነው የሞቀው።»

«ለጌም የተሠራ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

«የተሠራው ለጌም ነው፣ የገዙት ለሠርግ ነው። እኔ ጊዜውን ከየት አባቴ አምጥቼ?»

«ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ቤት ሰውዬ ጋርስ ትናንት ምን ያሳስቃችሁ ነበር?»

«መሳቅም ተከለከለ?»

«ያለ ነገር አይሳቅም። ሂድ ከፊቴ። ሳልጠራህ እንዳትመጣ።»

ገነነ ቦርሳውን አንጠለጠለና ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ቡሬ ኢርፋን ጋ ይውሰዱት፤ ከሱ ሌላ የሚያውቀው የለም» አላት። ይኼም አላማራትም። ቢሆንም ዓርብ ጠዋት ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሚኒባስ ቡሬ ሄደች። ረዳቱ «ዕቃውን ከላይ እንጫንልዎ?» ቢላት «ራስህን ጫን» አለችው።

ኢርፋን የጨርቅ ነጋዴዎች ልጅ ነው። ከአባቱ ሱቅ ጎን በከፈታት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ይጠግናል።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ይተዉልኝና ሰኞ ይምጡ።»

«ትቼልህ ልሂድ? ተለውጦ እንዲጠብቀኝ?»

«ምኑን እለውጠዋለሁ?»

«እኔ ምኑን ዐውቄ! ሥዕሉን የሚሠራ ውድ ነገር ውስጡ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ግራፊክስ ካርዱን ነው? እሱማ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ልንቀለው ብልም አይነቀልልኝ።»

«ልንቀለው ብል? አሰብከው ማለት ነው!»

ኢርፋን ሳቀና በርጩማ ሰጣት። ንግሥቴ በርጩማውን አንሥታ ከባንኮኒው ወዲያ፣ ክርኑ ሥር ወስዳ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ላፕቶፑን አብርቶ ቪዲዮውን አስኬደው። ከጥግ ላይ ቁጥር ብቅ አለ። ስድሳ አንድ። ሰባ አራት። ሰማንያ ዘጠኝ። ቄሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ዘጠና ስድስት ሆነና ድርግም።

«አዩ? የካርዱ ሙቀት ነው። ሊቃጠል ሲል ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ምርቃቱ ላይ ደግሞ ገነነ ሻማና አበባ አድርጎበታል፣ ምስሉም እንዲያዘግም አድርጎታል፤ ካርዱ ከሁሉ የሚደክመው እዚያ ላይ ነው።»

«ገነነ ያደረገውን በምን አወቅኸው?»

«ትናንት ደውሎልኛል። አክስቴ መምጣታቸው አይቀርም፣ በትዕግሥት ያዛቸው ብሎኛል።»

ተመካክረዋል ማለት ነው። ንግሥቴ በርጩማዋን ይበልጥ አስጠጋች። ብሎኖቹን ሲፈታ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አስቆጠረችው፤ ዐሥራ አንድ ሆኑ። ክዳኑ ተነሣ። የማራገቢያው አፍ በነጭ ነገር ተወትፏል፤ ኢርፋን በወረንጦ ሲጎትተው እየተጎለጎለ ወጣ።

«ጥጥ!» አለች ቀድማ። «እነዚያ ፊት ለፊት ያሉት ፎቶ ቤቶች ናቸው የከተቱብኝ። ገነነ በር ከፍቶላቸው!»

ኢርፋን ከወጣው ቆንጠር አድርጎ ክብሪት ጫረበት። ክፍሉ በግማት ተሞላ።

«ጥጥ እንዲህ አይሸትም፣ እትዬ። እኔ ጨርቅ መሐል ነው ያደግሁት። ይኼ የበግ ጠጉር ነው። ለመሆኑ ላፕቶፑ ምን ላይ ነው የሚቀመጠው?»

ንግሥቴ ብሎኖቹን ጨበጠች። ለገና አዲስ አጎዛ ገዝታ ነበር፤ ክቡር እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ጠጉሩ የበዛ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው እንዳይፍቀው ብላ እሱ ላይ አስቀመጠችው። ገነነ ሁለት ጊዜ «ይኼ ነገር አየር ያሳጣዋል» ብሎ አነሣባት፣ እሷ ሁለት ጊዜ መለሰችው። ልጁ አጎዛውን ለራሱ መጋደሚያ የፈለገው ነበር የመሰላት።

«አጎዛ ላይ» አለች ቀስ ብላ።

ኢርፋን ከንፈሩን ነከሰ። «ሰው ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር።»

«ሳቅ፣ ሳቅ። አታምቀው።»

ጠጉሩን ጠርጎ አወጣ፤ ካርዱ ላይ እንደ ጭቃ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ፍቆ በአዲስ ተካው፤ ዐሥራ አንዱን ብሎን ከመዳፏ ተቀብሎ አጠበቀ። እንደገና ሲያስኬደው ቁጥሩ ሰባ ስምንት ላይ ቆመ። ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ግን የለም።

«ድምፁን ወስዶብኛል!» ብላ ተነሣች።

«ድምፁ ለብቻው ነው የተቀዳው። ይኼ እየጠፋ ሲያስቸግረው፣ ገነነ የነፋሱን ጫጫታ ሊያጠራ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ገልብጦታል። ትናንት ነግሮኛል። እርስዎ አልጠየቁትም እንዴ?»

አልጠየቀችም። አባርራዋለች። እሑድ ደግሞ ድምፅ የሌለው አባት ይዛ ሠርክአዲስ ፊት ልትቆም ነው። ስልኳን አወጣች።

«ገነነ፣ ቡሬ ነኝ። የቄሱን ድምፅ ይዘህ ና።»

«ደግሞ ምን ጠፋ?» አላት።

«የጠፋ የለም።»

«ፖሊስ አብሮዎት አለ?»

«ምን ፖሊስ አመጣህ! ኢርፋን ነው ያለው።»

«እስቲ ኢርፋንን ያቅርቡልኝ።»

የእህቷ ልጅ ቃሏን አላምንም ሲላት የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ሰጠች። ኢርፋን «እውነታቸውን ነው። የበግ ጠጉር ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ሆነ። ንግሥቴ ስልኩን መልሳ ተቀበለች።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው እየሳቅህ ና።»

ከቀትር በኋላ ደረሰ። እሷን ሰላም አለ፣ የበግ ጠጉሩን አየ። ድምፁን ከምስሉ ጋር አጋጠመና ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣት ጀመረ። ንግሥቴ ዓይኗን ከቁጥሩ አልነቀለችም። ሰባ ስድስት። ሰባ ዘጠኝ። ያችው ቦታ ስትደርስ ሰማንያ። የቄሱ ድምፅ ጠባቧን ክፍል ሞላት፤ «ልጄ፣ ውለጂ ክበጂ» አሉ። ሰማንያ ላይ ቆየ፣ ቦታዋን አለፈ። ኢርፋን ቪዲዮውን ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ሁለት ላይ እንዲያደርገው አዘዘችው።

«አንዱን አንተ ያዝ» አለችው ገነነን። «አንዱ እኔ ጋ ይሆናል። ነገ ፈረስ ቤት አብረን ነው የምንሄደው።»

«አሁንም አላመኑኝም?»

«መንገዱን ነው የማላምነው።» የራሷን ፍላሽ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። «መንገዱንና የራሴን እጅ።»

እሑድ ፈረስ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ቄሱ ልጃቸውን መረቁ። ሠርክአዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። የታየው የገነነ ፍላሽ ነው። የንግሥቴ ከመቀነቷ አልወጣም።