ከቬሎው ጋር የሚሄደው

ለምን አንደኛው ዓይኗ ብቻ?

ታናሽ እህቴ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና የዓይን ክሊኒካችን ስትገባ ራሴን የጠየቅሁት ይህንን ነበር። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀልቷል። ልጆቹ ጠዋት ሽፋሽፍታቸው በዓይናር ተጣብቆ ይነሳሉ፤ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል፣ ያስለቅሳቸዋል። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዛመትና ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። እኔም "እጃችሁን ታጠቡ፣ ፎጣ አትጋሩ" ስል ነበር የምውለው።

የእሷ ግን ዓይናር የለውም። ቀኙ ደግሞ እንደ ወትሮው ነጭ ነው።

"ያው የሰፈሩ በሽታ ነው አይደል?" አለች እማዬ ከኋላዋ። "እኔንም ዛሬ ቆርቆር አድርጎኛል።"

"መብራቱን አጥፊልኝ" አለች እህቴ። "መንገደኛዋ፣ በናትሽ መብራቱን!"

መንገደኛዋ የምትለኝ ሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ ሻንጣዬን ስላልፈታሁት ነው። ሐሰት አላለችም፣ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር እንደተቆለፈ ተቀምጧል። እዚያ ሳለሁ ልቤ እዚህ ነበር፤ አሁን ደግሞ እዚያ ነው።

መብራቱን ቀነስሁት። ብርሃን የሚሸሽ ዓይን ደስ አይለኝም።

"ያሳክክሻል ወይስ ያምሻል?"

"ማሳከክማ በስንት ጣዕሙ! በመርፌ ነው የሚወጋኝ እንጂ።"

"በይ ቀኝሽን ሸፍኚና ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አንብቢ።"

"የቱ ግድግዳ ላይ?"

የለመደባት ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አገጯን መመርመሪያው ላይ አስደግፌ ቁስል የሚያሳየውን ቢጫ ቀለም ዓይኗ ውስጥ ጠብ አደረግሁ። ሰማያዊውን መብራት ሳበራው ብሌኗ ላይ፣ ከመሐል ፈንጠር ብሎ፣ አንድ ነጥብ አረንጓዴ ሆኖ በራ። በተራ መብራት ነጭ ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል፣ ጠርዙ የራሰ ወረቀት ይመስላል። ቁስል ነው። ወደ ውስጥ እየበላ የሚሄድ ቁስል።

"ዓይንሽ ውስጥ ምን ገባ?"

"ምንም።"

"አቧራ? ጥፍር?"

"ምንም አልኩሽ እኮ!"

"ዓይንሽ ውስጥ ሌንስ ታደርጊያለሽ?"

"የምን ሌንስ?" እማዬ ጣልቃ ገባች። "ልጄ እኮ በጨረቃ ብርሃን መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች።"

እህቴ ቬሎ የሚያከራይ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሙሽሮችን ታስውባለች፣ ሜካፕ ትቀባለች። ሥራዋን ትወደዋለች፣ ስለ እሱ አውርታ አትጠግብም።

"የእኔ አይደለም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የቤቱ ነው። ዓይንን ግራጫ የሚያስመስል ሌንስ፤ ፎቶ ላይ በጣም ያምራል።"

"ለየሙሽራዋ አዲስ ታወጣላችሁ ማለት ነው?"

"አንቺ ደግሞ! አክሊሉን ለየሙሽራዋ አዲስ እንገዛለን? ከቬሎው ጋር ነው የሚሄደው።"

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። "ከዓይን ወጥቶ ሌላ ዓይን ውስጥ ይገባል?"

"እናጥበዋለን እኮ።"

"በምን?"

"በውሃ ነዋ። በቧንቧ ውሃ።"

የተማርሁበት አገር የገዛ ሌንሱን ሳያወጣ ገላውን የታጠበ ሰው እንኳ ተግሣጽ ይጠብቀዋል። እየተከራየ ከሴት ወደ ሴት የሚዞር ሌንስ ግን በየትኛውም መጽሐፌ ውስጥ አልነበረም።

ከቁስሉ ጠርዝ በስሱ ፍቄ ናሙናውን ላቦራቶሪ ላክሁ። ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ስትጨምር የሰነበተችውን ጠብታ ከቦርሳዋ አውጥቼ ጣልሁት። ቅላትና እብጠት የሚያስታግስ ነው፤ ዓይኑ ነጣ ሲል ሰው የዳነ ይመስለዋል፣ ከሥር ግን ቁስሉ ይፋፋል። ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ የሚጨመር ሌላ ጠብታ አዘዝሁላትና ዓይኗን በጨርቅ እንዳትሸፍን አስጠነቀቅኋት።

"ይጠፋል እንዴ?" አለች እማዬ።

"ቁስሉ?"

"ዓይኗ!"

"እንከታተለዋለን" አልሁ። እኛ ሐኪሞች ሳናውቅ የምንሰጠው መልስ ነው።

"እዚያ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር?" ብላ እህቴ ጠየቀችኝ።

"እሱንም አላውቅም" አልኋት። "ይልቅ ሌንሱን አምጪልኝ፣ ይመርመር።"

"የለም።"

"የት ሄደ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ከቬሎው ጋር።"

ከዚያ ሁሉንም አወጣችው። አንዲት ሙሽራ ሌንሱን ፈርታ እምቢ ብላ ነበር። እንዳትፈራ ብላ እህቴ ቀድማ ራሷ አድርጋ አሳየቻት፤ አምሮባት ስለነበር ቀኑን ሙሉ አድርጋው ዋለች። ማታ ስታወጣው ግራ ዓይኗን በጥፍሯ ጫረችው። በማግስቱ ሌንሱን አጥባ ለሙሽራዋ አደረገችላት።

"ሠርጉ ሩቅ ነው፣ በአውቶብስ ይዘዋት ሄዱ" አለች። "ማውጣት አልችልም ብላ ስትጨነቅ፣ 'ብትተኚበትም ምንም አይልሽ፣ ከቬሎው ጋር ትመልሺዋለሽ' አልኳት።"

ያለችውን ራሷ የሰማችው ያኔ ይመስለኛል። ስልኳን ከቦርሳዋ ጎትታ አወጣች።

ደወልን። የሙሽራዋ ስልክ ዝግ ነው። "ሌንሱን አሁኑኑ አውጪው፣ ካመመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ" ብለን መልእክት ላክን። ጠዋት ደወልን፣ ከሰዓት ደወልን። ያው ዝግ።

ውጤቱ መጣና ጠብታው ትክክለኛው ሆኖ ተገኘ። የእህቴ ሕመም ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ነጩ ነጥብም መስፋቱን አቆመ። ጠባሳው ግን ቀረ። በግራ ዓይኗ ትልቁን ፊደል ታነባለች፤ የቀሩትን ጭጋግ ውጧቸዋል። "አሁን ሙሽሮቹን ሁሉ ቆንጆ አድርጌ ነው የማያቸው" ትላለች። እማዬ ስትስቅላት እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ቀን እህቴ ሥራ ቦታ ሳለሁ የአውቶብስ ረዳት ቬሎውን በከረጢት አድርጎ አመጣው።

"ሙሽራዋ ደኅና ናት?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እትዬ፣ እኔ የማውቀው ዕቃውን ነው" አለኝ። "ሰጡኝ፣ አመጣሁ።"

እህቴ ከረጢቱን ፈትሻ ከሥር ትንሿን የሌንስ ማስቀመጫ አገኘች። ሁለት ክዳን አላት፣ የቀኝና የግራ። ቀኙን ከፈተችው፤ ሌንሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቆ ተኮማትሯል። ግራውን ከፈተችው።

ባዶ ነው።

ከረጢቱን ገለበጥነው። ቬሎውን አራገፍነው፣ ጥልፉን በጣታችን ዳበስነው። እህቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በደኅናው ዓይኗ ስትፈልግ እኔ ስልኳን አነሳሁና ለሙሽራዋ ጻፍሁ፦

"የሜካፕ ሠሪዋ እህት ነኝ፣ የዓይን ሐኪም ነኝ። ቬሎው ደርሷል፣ ስለ እሱ አትጨነቂ። የግራው ሌንስ ግን ማስቀመጫው ውስጥ የለም። አሁንም ዓይንሽ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ያውጣልሽ። ብርሃን ያስጠላሻል? በግራ ዓይንሽ ታያለሽ? አንድ ቃል ብቻ መልሺልኝ።"

አልመለሰችልኝም።