የአዳራሽ ሦስት ግንበኛ

«እኔን ነው አዳራሽ ሦስትን የምታሳዪኝ?» አሉ ግንበኛው፣ በር ላይ የቆመችውን ተማሪ። «ይሄን ግቢ የሠራነው እኛ እኮ ነን! ሦስተኛ ያቆምነው ይሄ ነው።»

«አባባ፣ ቁጥሩ እኮ...» ብላ ሳትጨርስ ገብተው ፊት ለፊት ጉብ አሉ።

ዩኒቨርሲቲው ዛሬ ለማንም ክፍት ነው፤ ምሁራኑ ቀኑን ሙሉ ለሕዝብ ንግግር ያደርጋሉ። በአራት ሰዓት የምትናገረው የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ናት። ሃያ ደቂቃ ብቻ። ለዚህች ሃያ ደቂቃ ጫማቸውን ሁለቴ አስጠርገዋል።

አራት ሰዓት ሲሆን መድረኩ ላይ የወጣው ግን አንድ መላጣ ሰውዬ ነው። ስለ ንብ ጀመረ። ግንበኛው ግራ ገባቸው። ልጄን እያስተዋወቀ ይሆናል ብለው በትዕግሥት ጠበቁ፤ ሰውዬው ከንግሥቲቱ ወደ ማሩ ሲሻገር ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«የኔ እህት፣ ይሄ አዳራሽ ሦስት አይደለም እንዴ?» አሉ አጠገባቸው ያለችውን ሴት።

«ሰባት ነው። አሁን የሚቆጠረው ከዋናው በር ነው።»

ጉልበታቸውን እየረገሙ ሮጡ። ሲደርሱ ልጃቸው ንግግሯን ልትጨርስ ነው። ግድግዳው ላይ የበራው ፎቶ የቤተ መጻሕፍቱን የተሰነጠቀ ምሰሶ ያሳያል። እሳቸው ያቆሙት ምሰሶ ነው።

«ኮንክሪቱ ሲቦካ ውሃ በዝቶበታል» አለች ልጅቷ። «ለምን እንደበዛ ግን መዝገቡ ላይ የለም።»

«ምን መዝገብ ያስፈልገዋል? ሲሚንቶውን ሸጠው በልተውት ነው!» አለ አንድ ጎልማሳ ከመሀል። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ልጅቷ አባቷን በሩ ጋ አየቻቸው። ወረቀቷን አገላበጠች። እሳቸውም ይኩሩ ይፈሩ አላወቁም። ያን ምሰሶ የሞሉ ቀን ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ የኮንክሪቱ ቡኮ እየደረቀ አካፋ አላስገባ ሲል ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። እሳቸውም አንድ በርሜል ውሃ ምን ያመጣል ብለው ነበር።

«ጥያቄ ከሌለ እንዝጋ» አለ መድረክ መሪው።

በሩ ከኋላቸው ክፍት ነው። ግንበኛው ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገብተው እጃቸውን አወጡ። ማይክሮፎኑ እስኪደርሳቸው አልጠበቁም።

«ሲሚንቶው አልተሸጠም» አሉ። «ጻፊው ልጄ። ውሃ ጨምሩበት ያልኩት እኔ ነኝ።»