ሁለቱም ልጆቼ ነርሶች ናቸው

እናቴ ቬልማ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ሱቅ ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ሁለቱም ልጆቼ ነርሶች ናቸው» ትላለች። እኔም እህቴ ትዊላም ነርሶች አይደለንም። እኔ የነርስ ረዳት ነኝ። ከከተማችን ዳር ባለው የአረጋውያን ቤት ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ከአልጋ አነሳለሁ፣ መልሼ አስተኛለሁ፤ የሽንት ጨርቅም እቀይራለሁ። ትዊላ የሕክምና ረዳት ናት። ክሊኒክ ውስጥ ስልክ ታነሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ደም ትቀዳለች፣ መርፌ ትወጋለች። እኔ መርፌ ብነካ ነገውኑ ከሥራ እባረራለሁ። እሷ ደግሞ ሰው ከአልጋ አንስታ አታውቅም፤ የእሷ በሽተኛ በእግሩ ገብቶ በእግሩ ነው የሚወጣው። የምንለብሰው ግን ከአንድ ሱቅ የተገዛ ያው ሰማያዊ ሱሪና ሸሚዝ ነው። እዚህ ኬንታኪ ውስጥ እሱን የለበሰ ሁሉ ነርስ ነው።

እኔ «ኧረ አይደለሁም» ብዬ አርማለሁ። ትዊላ ዝም ትላለች። ዝም ማለቷ ያበሽቀኝ ነበር፤ ከሱ የባሰ የሚያበሽቀኝ ደግሞ የእማ ወሬ ነው። «ትንሿ ከዶክተሩ ጋር ነው የምትሠራው» ብላ አፏን ሞልታ ታወራና የእኔ ተራ ሲደርስ «ሮንዳ እንኳ እዚያ ሽማግሌዎቹ ጋ ናት» ትልና ስለ ዝናቡ ታነሳለች። አንድ ቀን ሳልናገራት የቀረሁት እናቴ ስለሆነች ብቻ ነው።

በጸደይ ላይ እማን ስትሮክ መታት። ግራ እጇና ግራ እግሯ ዛለ፤ ንግግሯም ቀስ አለ። ማገገሚያ ገብታ ትንሽ ከተሻላት በኋላ ወዴት ትሂድ የሚለው ጥያቄ መጣ። ቤት እንድትሄድ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያዛውራት ሰው እንዳለ ቤተሰቡ በተግባር ማሳየት አለበት። ካልሆነ መግቢያዋ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ነው።

«ሮንዳ ጋ ከምታስገቡኝ ወንዙ ውስጥ ጣሉኝ» አለች፤ እኔ እዚያው አጠገቧ ቆሜ!

የምኖረው ከሱቅ በላይ ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ ደረጃው ለእኔም ይከብደኛል። የትዊላ ቤት መሬት ላይ ነው። ባሏ ድዌይን ደግሞ ወሬው እንደተሰማ በበረንዳው በኩል ለተሽከርካሪ ወንበሩ የእንጨት መወጣጫ ሠርቶ ጨርሷል። ስለዚህ የምትወስዳት ትዊላ ናት፤ በዚህ ላይ ጭቅጭቅም አልነበረም።

ኬሌብ የሚባለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። «ሚስ ቬልማን የሚያነሳት ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ትዊላ። ከሥራ ስለመጣች ያንን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሰች ናት። «ሕክምና ውስጥ ነው የምሠራው።»

ኬሌብ ከላይ እስከ ታች አያትና ፊቱ ፈካ። «ከሆነማ ምን ላስተምርዎት! አንዴ ብቻ ያሳዩኝና ወደ ቤት መውጫዋን ልፈርም።»

አፌን ልከፍት ስል ትዊላ አይኗን አፈጠጠችብኝ። እሷም ሄዳ እማን በሁለቱ ብብቶቿ ስር ይዛ ወደ ላይ ጎተተቻት። ወይ ጉድ! ስትሮክ የመታውን ትከሻ በብብት መጎተት! እማ ጮኸች። ወንበሩም ፍሬኑ አልተያዘም ነበርና ወደ ኋላ ሸሸ። ዘልዬ ባልደርስ ኖሮ እናቴ ወለሉ ላይ ነበረች። የእኔ ጉልበት ላይ አረፈች።

ኬሌብ አመድ መሰለ። «በዚህ ሁኔታ መፈረም አልችልም» አለ። «ሐሙስ እንደገና እናያለን። ካልተቻለ ግን…» አልጨረሰውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እርስዎስ ይችላሉ?» አለኝ።

ይችላሉ ይለኛል! ፍሬኑን ያዝኩ፣ ሰው የሚነሳበትን ሰፊ ቀበቶ ወገቧ ላይ አሰርኩ፣ ጉልበቴን ከጉልበቷ ገጠምኩ፣ አነሳኋት፣ አዞርኳት፣ አስቀመጥኳት። ዐይን እስኪጨፈን አልፈጀም። ኬሌብ አጨበጨበ። እኔም ቀና ብዬ እማን አየኋት፤ ልታመሰግነኝ ነው ብዬ መሆን አለበት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እንባዋ ይወርዳል።

«እንደ ፍራሽ ገለበጥሽኝ» አለች።

ክው አልኩ። የምሠራበት ቤት ያለ ነርስ ሁሉ በእጄ የሚምልልኝ ሴትዮ!

ትዊላን ያገኘኋት መኪናዋ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ነው። ገብቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

«ለምን ነርስ አይደለሁም አላልሽም?»

«አፍሬ ነዋ!»

«እናታችን ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበርስ? ያኔ ማፈሩ ያምርብሽ ነበር?»

«ሮንዳ፣ በእናትሽ አሁን አትጩኺብኝ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዶክተሩ ራሱ ‹ነርሷ አሁን ትመጣለች› ብሎ ነው በሽተኛውን ትቶት የሚወጣው። እማም እንደዚያ ስትል ደስ ይላታል። አንዴ ዝም ካልሽ በኋላ እንዴት ብለሽ ትመልሺዋለሽ? አሁን በእኔ ኩራት እማ እዚያ ልትገባ ነው።»

«እዚያ» ያለችው የእኔን መሥሪያ ቤት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አልለቃትም ነበር። ግን ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፤ ትንሽነቷ ትዝ አለኝ።

«ተነሺ» አልኳት። «ወደ ቤትሽ ንጂ።»

ወጥ ቤቷ ውስጥ እኔ እማን ሆንኩ። ግራ ጎኔን ለቀቅኩት፤ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠልኩባት። እኔ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለሁም።

«ወገብሽን አታጉብጪ! በእግርሽ ነው የምታነሺው! ቀርበሽ፣ ቀርበሽ! ምነው ጅብ ነኝ?»

ድዌይን በር ላይ ቆሞ በረዶ የገባበት ሻዩን ይጠጣል። «ዳንስ ነው ትግል?» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ባቄላህን አማስል!» አልነው ሁለታችንም።

ይህን ሥራ ራቅ ብለሽ ልትሠሪው አትችይም። ጉልበት ለጉልበት፣ ደረት ለደረት ነው፤ አገጭሽ የምታነሺው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ከአባታችን ቀብር ወዲህ እኔና ትዊላ ተቃቅፈን አናውቅም ነበር። የፀጉሯ ሽታ ያው የልጅነቷ ነው። ሁለታችንም እንዳላስተዋልነው ሆንን።

አንድ ነገሯ ብቻ አናደደኝ። ትለፈልፋለች። «አሁን ቀበቶውን ልይዝ ነው። አሁን ጉልበቴ ጉልበትሽን ይነካል። ትንሽ ወደ ፊት አዘነብልሻለሁ፣ አልለቅሽም።»

«ምን ታወሪያለሽ? አንሺና ጨርሺ!»

«መርፌ ስወጋ እንዲህ ነው የማደርገው» አለች። «ቀጥሎ የሚመጣውን ካልነገርሽው ሰው ይደነግጣል። አንቺ አትነግሪያቸውም?»

ከቁርስ በፊት ማንሳት ያለብኝን ሕዝብ እሷ መች አየችው! ለእያንዳንዱ ወሬ ካበጀሁ የመጨረሻዋ አሮጊት ቁርሷን ለምሳ ትበላለች። ልመልስላት ብዬ ተውኩት። እናቴን ሳነሳት አንድ ቃል አለመናገሬ ትዝ አለኝ። «እማ» እንኳ አላልኳትም።

ሐሙስ ሁላችንም እዚያው ክፍል ተሰበሰብን። ትዊላ ቀበቶውን አነሳች። እማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እኔን ብቻ ታየኛለች።

«ሮንዳ ትውጣ» አለች።

«እንዴ! እማ…»

«ትውጣ።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያን ሁሉ አስተምሬ፣ ጀርባዬ እስኪቆረጥ ተንጠልጥዬ፣ ውጪ! በሩ ገርበብ ብሏል፤ የትዊላ ድምፅ ይሰማኛል።

«እማ፣ ፍሬኑን ያዝኩት፤ ሰማሽው ቀጭ ሲል? አሁን ቀበቶውን አስራለሁ። ጠበቀብሽ? እሺ። በደህናው እጅሽ የአልጋውን ጠርዝ ትገፊያለሽ። እኔ አለሁ። ስነግርሽ እንነሳለን… አሁን!»

ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። ከዚያ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ አውቀዋለሁ።

«በጣም ጥሩ!» አለ ኬሌብ። «እፈርማለሁ። ሚስ ቬልማ፣ ጎበዝ ነርስ ልጅ አለችዎት።»

«ነርስ አይደለሁም» አለች ትዊላ። «የሕክምና ረዳት ነኝ። ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እስከዚህ ሳምንት ድረስ ሰው አንስቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ይሄን ያስተማረችኝ እህቴ ናት። እሷ የነርስ ረዳት ናት፤ ሙያው የሷ ነው።»

«እህትሽን ጥሪልኝ» አለች እማ።

ገባሁ። ደሜ ፈልቷል፤ ኬሌብ መኖሩም አላሳፈረኝ። «ለምንድን ነው ያስወጣሽኝ? ታፍሪብኛለሽ አይደል? ዕድሜዬን ሙሉ ‹ሽማግሌዎቹ ጋ ናት› ብለሽ…»

«ነይ ወዲህ» አለች። ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። ደህናውን እጇን ዘርግታ ጣቴን ያዘችው። «አላፍርብሽም። ከሥራ ወጥተሽ ቤቴ ስትመጪ ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋዬ ላይ ነው የምትወድቂው። ብርድ ልብስ የማለብስሽ እኔ ነኝ። ወገብሽን በቅባት የማሸው እኔ ነኝ። ስላንቺ ሥራ ሰው ሲጠይቀኝ ማውራት የማልፈልገው ልቤን ስለሚያመኝ ነው። ያን ቀን ስታነሺኝ ፊትሽን አየሁት፤ የሥራ ፊትሽ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ የምታርፊብኝ እናትሽ ነኝ። ሥራሽ አታድርጊኝ።»

ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ኬሌብ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ልጁ ጨዋ ነው።

እሁድ ትዊላ ቤት ለምሳ ሄድኩ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ነበር። ከምሳ በኋላ እማ በረንዳ ላይ ከወንበሩ ወደ ሶፋው መዛወር ፈለገች። ትዊላ ቀበቶውን ይዛ መጣች፤ «እማ፣ አሁን ልቀርብሽ ነው» እያለች እጇን ዘረጋች።

«ፍሬኑ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ይዤዋለሁ!» አለች ትዊላ።

«ሮንዳ» አለች እማ በትዊላ ትከሻ በኩል እያየችኝ። «ቁጭ በይ። ዛሬ እረፍትሽ ነው።»

ቁጭ አልኩ። እጆቼ አላርፍ ስላሉኝ ጭኖቼ ስር አደረግኳቸው። ትዊላ እማን ቀስ ብላ አዛውራ ትራሱን አመቻቸችላት። እማም ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ አጠገቧ ያለውን ቦታ በደህናው እጇ መታ መታ አደረገችው። ሄጄ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።